የድሬሰር ጥበቡ ደብተሮች

ድሬሰር ጥበቡና ሳራ የተዋወቁት በአጋጣሚ ነው። የሐምሌ ዝናብ መንገዱን ስለቆረጠው ወደ ጌጫ የሚሄድ መኪና ጠፍቶ፣ ሁለቱም ከቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ባለ የሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለው ነበር። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሸኮ ገጠር በሕክምና ረዳትነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ «ድሬሰር» የሚለው መጠሪያ አልተለያቸውም። እግራቸው ሥር የተቀመጠው ማዳበሪያ በመጻሕፍትና በደብተር ታጭቋል። ቤታቸው ምስጥ ስለገባበት የተረፈውን ወደ ደጋ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሊያሸሹ ነበር።

አንዱን የረጠበ ደብተር ሊገልጡ ሲታገሉ ወጣቷ ሳራ በትሕትና ከለከለቻቸው። እርጥብ ወረቀት በጉልበት ሲገለጥ እንደሚቀደድ፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ እያገኘው መድረቅ እንዳለበት አስረዳቻቸው። ሥራዋን ቢጠይቋት፣ እዚያው ቴፒ ላለው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በስጦታ የሚመጡ ጽሑፎችን እንደምትመረምር ነገረቻቸው። ደብተሩ ምን እንደያዘ ስትጠይቃቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ሟቾችን ነው» አሉ።

በሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎት እጃቸው ላይ የሞተውን ሁሉ ስሙን፣ መንደሩን፣ ቀኑንና ምክንያቱን ጽፈዋል። ሳራ ይህ ለቤተ መጻሕፍቱ ቢሰጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም ስትናገር በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወዳጄ መምህር አስረስ ሲሞት ልጆቹ መጻሕፍቱን ለአንድ ቤተ መጻሕፍት በጭብጨባ አስረከቡ። በሦስተኛው ዓመት ስሄድ፣ ጣራው በሚያፈስ ክፍል ወለል ላይ በስብሰው አገኘኋቸው። እንዲያ ከሚሆን በእጄ ባቃጥለው ይሻላል።»

«ጋሽ ጥበቡ፣ ያ የሆነው ጭብጨባው ስለቀደመ ነው» አለች ሳራ። «ምን እንደተሰጠ የመዘገበ የለም፤ ማኖሪያ መኖሩንም የጠየቀ የለም። እኛ ከመቀበላችን በፊት ሌላ ቦታ የማይገኝ መሆኑን፣ ማን እንደሚጠቀምበትና እኛም ልናቆየው እንደምንችል እናጣራለን። ካልቻልን አንቀበልም።»

ስጦታ መመርመሩ ለሽማግሌው ንቀት መሰላቸው። ቢሆንም መንገዱ አልተከፈተምና ማዳበሪያውን ይዘው አብረዋት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲጠሩ፣ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዷቸው የሕክምና መጻሕፍት ተለይተው፣ በካርቶን ታስረው ጠበቋቸው። ታትመው በየቦታው የሚገኙ፣ ሕክምናቸውም ያለፈበት ስለሆነ ቤተ መጻሕፍቱ አልፈለጋቸውም። ይህ አንገበገባቸው። ከሃያ ሰባቱ ደብተሮች ስምንቱን ምስጥ ዱቄት አድርጓቸዋል። የሚፈለጉት የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ብቻ ነበሩ።

ሳራ የስጦታውን ውል አነበበችላቸው። የሟቾቹ ስም ለሠላሳ ዓመት ለሌላ ሰው አይገለጥም፤ የቅርብ ቤተሰብ ግን ጠይቆ ማየት ይችላል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ብዕሩን አስቀመጡና አንዲት ገጽ ብቻ ቀድደው እንዲያስቀሩ ጠየቁ።

«ደብተሩ የእርስዎ ነው፤ ማስቀረት ይችላሉ» አለች። «መቀደዱን ግን ዝርዝሩ ላይ መጻፍ አለብኝ። ምን ተጽፎባት ነው?»

ገጿን ገልጠው ነገሯት። በወባው ወረርሽኝ ጊዜ አንድ መርፌ ብቻ ቀርቷቸው፣ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሕፃናት ተኝተው ነበር። ለአንደኛው ወጉት። የስድስት ዓመቷ ዘይቱና ቀትር ሳይሆን ሞተች። እናቷን ወይዘሮ ማርዋን «ዘግይተሽ አመጣሻት» አሏት፤ እውነቱን የነገሩት ለደብተሩ ብቻ ነው።

«እናቷ በሕይወት አሉ?»

«አለች። እዚያው ሸኮ።»

«እንግዲያው ጋሽ ጥበቡ፣ ይህች ገጽ የእሳቸውም ናት።»

ሽማግሌው ሃያ ሁለት ዓመት ራሳቸውን ሲጠብቁ ኖረው፣ አንዲት እናት በእሳቸው ቃል ስትቀጣ እንደኖረች ያን ዕለት ተገለጠላቸው። ብዕሩን አንሥተው ፈረሙ፤ ገጿንም አልቀደዷትም።

በዓመቱ የጤና ተማሪዎች ስም በተሸፈነበት ቅጂ ላይ ሠርተው፣ ወረርሽኙ ሁልጊዜ ከየትኞቹ መንደሮች እንደሚነሳ ለዩ፤ መድኃኒትም ቀድሞ ወደዚያ እንዲላክ አመለከቱ። ተመርምሮ፣ ተዘርዝሮና በውል የገባ ጽሑፍ እንዲህ ለሕያዋን ይደርሳል፤ በዘፈቀደ የተከመረው ግን ለባለቤቱም አይተርፍም። ድሬሰር ጥበቡ ራሳቸው አሁን የቤታቸውን ወረቀት ሊሰጡ ለሚያስቡ ሁሉ «ዝርዝሩን ጠይቁ፣ ማኖሪያውን በዓይናችሁ እዩ፣ የማይፈልጉትን ሲመልሱላችሁም አትቀየሙ» ይላሉ።

ወይዘሮ ማርዋን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የጠሯት እሳቸው ናቸው። ማንበብ ስለማትችል ሳራ ገጿን አነበበችላት። ድጋሚ እንድታነብላት ጠየቀች፤ ተነበበላት። ድሬሰር ጥበቡ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ማርዋ አላለቀሰችም፤ ወደ እሳቸውም ዞር አላለችም።

«ባለቤቴ ሰይፈዲን ይህን ሳይሰማ ሞተ» አለች። «ልጄን በቸልታሽ ገደልሻት እንዳለኝ ነው የሞተው።»

የገጿን ቅጂ ከሳራ ተቀብላ አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና፣ ለሰይፈዲን ወንድሞች እንደምታስነብባቸው ተናግራ ወጣች።