የጋሽ መቀስ ኩርፊያ

ያን ዕለት ከሥራ የወጣሁት ዝዬ ነበር። ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት በተጠራ ስብሰባ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ ተጎልቼ፣ ተናጋሪው ሁሉ ወጣቱን ሲያሞግስ ሰምቼ፣ አንድም ወጣት ሳላይ ስብሰባው ተበትኖ ነበር። መንገድ ላይ ዝናብ ሲይዘኝ ቅርቤ ካለው ፀጉር ቤት ዘልዬ ገባሁ።

ባለቤቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሰፈርተኛው ጋሽ መቀስ ይላቸዋል። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ኩርፊያቸው ግን አይጣል ነው። ነርስነት የምትማረው የእህታቸው ልጅ ፊታቸው ቆማ ትለምናቸው ነበር።

«እንኳን መጡ፣ መምህር! ይፍረዱን» አሉኝ ጋሽ መቀስ። «ይቺ ልጅ የዕረፍት ቀኗን ሁሉ ከጓደኞቿ ጋር እየዞረች የሰው ቤት ትጠርጋለች፣ የሰው በሽተኛ ታጥባለች። ያውም በነፃ! ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ማለት ይኼ ነው። ይባስ ብላ ያንን ከሃዲ ሾፌር ሄደህ ላጨው ትለኛለች።»

«ምን አድርገው ነው ከሃዲ የሆኑት?» አልኩ።

«የዘመናት ደንበኛዬ ነበር። አንድ ቀን ድርግም ብሎ ጠፋ። ማዶ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቶ የለ? ፀጉር አስተካካይ ደግሞ የከዳውን ደንበኛ ደጃፍ አይረግጥም፤ ከአባቴ የወረስኩት ሕግ ነው። አሁን ሲታመም ትዝ አልኩት?»

«ጋሼ፣ እሳቸው አይደሉም የላኩኝ» አለች ልጅቷ። ዓይኖቿ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል። «ሰውዬው ከአልጋ አይነሱም። ከጆሯቸው ሥር ቁስል ወጥቷል፤ ፀጉሩ ካልተነሣ መድኃኒቱ አይደርሰውም። ቁስሉ ደግሞ እየሰፋ ነው። እባክዎን ይምጡ።»

«ይኼ የሐኪም ቤት ሥራ አይደለም እንዴ? እናንተ በነፃ በሠራችሁ ቁጥር የሚመለከተው ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። በነፃ የተሰጠ ነገር ደግሞ አይከበርም።»

እውነቱን ለመናገር ክርክራቸው ውሃ የሚያነሳ ነበር። ከዚያ ስብሰባ ለመጣ ሰውማ ይበልጥ ያነሳል። ልፍረድ ብልም ከየት ጀምሬ እንደምፈርድ አላወቅኩም።

«የሚመለከተው እስኪመለከት የሰውዬው ጀርባ ይላጣል» አለች። «ሐኪም ቤቱን ጠይቀናል፤ አልጋ እስኪለቀቅ ጠብቁ አሉን። እስከዚያ ማን ያገላብጣቸው? እኛም ደክሞናል፣ ጋሼ። ሥራውን ስንጀምር ፎቶ በተነሣን ዕለት የነበሩት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። እኔም ማታ ማታ ነገ አልሄድም እላለሁ። ሲነጋ ግን ውሃ ማን ያቀምሳቸዋል ብዬ እነሣለሁ።»

«ድር ቢያብር ምናምን የምትዪኝ ከሆነ ከወዲሁ ተይው!»

«አልልም። ድሩም ሳስቷል።»

ጋሽ መቀስ ለወጉ ያህል ሳቁና ፎጣ ማጠፍ ጀመሩ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ልጅቷ ግን ከፊታቸው አልተነቃነቀችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወድቋል። ጢማቸው አፋቸውን ሸፍኗል። እኛ መቀስ ስናነሣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ማዶ ያለው ፀጉር ቤት የሄደ ሰው እንዲህ ይሆናል?»

የጋሽ መቀስ እጅ ፎጣው ላይ ቆመ። «ሌላ ሰው አልነካውም?» አሉ ቀስ ብለው።

«ማንም።»

አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። የእሳቸው ኩርፊያ ግን የራሳቸውን ምሳ ብቻ አላስቀረም። አንዲት መንገድ ተሻግሮ «ምነው ጠፋህ?» ማለት ሲቻል፣ ሕግ ነው ብሎ መቅረት ስንቱን ሰው ብቻውን አስቀርቷል! ልማድ የሚከበረው ሰው እስከጠቀመ ድረስ ብቻ መሆኑን እኛ የተማርነውም እንዘነጋዋለን። ጋሽ መቀስ ቶንዶሳቸውንና መቀሳቸውን በፎጣ ጠቀለሉ። ዝናቡ ባያባራም ተከትያቸው ወጣሁ።

የሾፌሩ ክፍል ጠባብ ናት፤ ሳሙናና መድኃኒት ትሸታለች። አንድ ወጣት አንሶላ እያጠበ ነበር። ጋሽ መቀስ አልጋው ላይ ያለውን ሰው ሲያዩ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«መጣህ?» አሉ ሾፌሩ።

«አኩርፌህ ነበር።»

«መች ጠፋኝ! አንተ ሳታኮርፍ የዋልክበት ቀን አለ እንዴ?»

«ልትልክብኝ አትችልም ነበር?»

«እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈለግኩም» አሉ ሾፌሩ። «አፈርኩ።»

ልጅቷ አንገታቸውን ደገፈች፤ ጋሽ መቀስ ቁስሉን እየሸሹ ፀጉሩን አነሡ። እጃቸው አንዴም አልሳተም። መጨረሻ ላይ ሾፌሩ የገዛ ጉንጫቸውን ዳሰሱና «አሁን ሰው ቢገባም ግድ የለኝም» አሉ።

«ሰኞ ሱቄ ዝግ ነው» አሉ ጋሽ መቀስ አንሶላ ወዳጠበው ወጣት ዞረው። «ጓደኞችህን ይዘህ ና። የመቀስ አያያዝ አሳያችኋለሁ።»

«በነፃ?» አልኩ ነገር ለመጎንተል ያህል።

«በነፃ! የማያከብር ግን ድርሽ እንዳይል።»

እነሆ አንባቢዬ፣ ጥቅሙ ይህን ያህል ነው፤ አላጋንነውም። የሐኪም ቤቱ አልጋ አልተገኘም፤ ሾፌሩም አልተነሡም። ነገር ግን ቁስሉ መድኃኒት አገኘ፣ የተኮራረፉ ሰዎች ታረቁ፣ የእጅ ሙያ ለወጣቶች ተላለፈ፤ ከሁሉም በላይ አንድ ሰው ከማፈር ዳነ። ወጣቶቹ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጭብጨባችን አያሳርፋቸውም፤ የሚያሳርፋቸው ተራ የሚቀበላቸው ሰው ነው።

ያን ዕለት ዕቃችንን ሰብስበን ልንወጣ ስንል ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ሾፌሩን ወደ ሌላ ጎናቸው የማዞሪያው ጊዜ ደርሶ ነበር። ወጣቱ ሊቀሰቅሳት እጁን ሲዘረጋ ጋሽ መቀስ ያዙት።

«ተዋት» አሉ፤ ኮታቸውንም አወለቁ። «የዛሬው ተራ የእኔ ነው።»

እንዴት እንደሚያዝ ግን አላወቁበትም። «ወደ ቀኝ! ቀስ ብለህ ጠምዝዝ፣ አንተ ሰውዬ!» እያሉ ሾፌሩ ራሳቸው መሯቸው። ያ ሁሉ ጩኸት ልጅቷን አልቀሰቀሳትም።