በጸሎት የተገጠመ ፍሬን

እትዬ እታፈራሁ፣ እንዴት ዋሉ? ዝናቡስ ሱቅዎን አላስቸገረም? … ለብሩክታይት እጮኝነት እንኳን ደስ ያለዎት፤ ዛሬ ነው የሰማሁት። መካኒክ ነው አሉ። በሚኒባስ ለሚተዳደር ቤት መካኒክ አማች… ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? መኪናዎም ለፍሬን እሱ ጋ ገብታ የለ? ቅዳሜ ወደ ተበላ ከተማ ገበያተኛ ይዛ ትወርዳለች ሲሉ ሰማሁ። ይቅናችሁ።

እኔን መቼም ያውቁኛል። ሃያ ዓመት ስለ ሰበቃ ያስተማርኩ፣ አንዲት መኪና ግን ማቆም ያቃተኝ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ወጣቶቹ ሜዳው ላይ የመኪና ውድድር ሲያዘጋጁ፣ ይሄ ሽበቴ ምን አለኝ? "ኮሮላህን አሠርተህ ግባ።" ሽበት ይመክራል ይባላል… የእኔው እንደ ባለቤቱ ነው።

አሠራኋት። አንድ መካኒክ ጋ። የእርስዎ አማች ነው አላልኩም፤ ሶዶ መካኒክ ሞልቷል። እንዴት ያለ ጎበዝ መሰልዎ። ወደ መሬት እንድትጠጋ ሞላዎቿን ቆረጠ፤ አዲስ አሞርዛተር፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠመ። ሌሎቹ ፍሬን ከሠሩ በኋላ አንዱ ፔዳል እየረገጠ፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ሲያስወጣ ይውላሉ። እምነት የጎደላቸው። የእኔው ሰው ኮፈኑ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ። ግማሽ ሰዓት። ለዝናቡ፣ ለአገሩ፣ ለጎማዎቼ… አየሩን ለማስወጣት ብቻ ጊዜ አልተረፈውም። ለጸሎቱ እንከን አላወጣለትም፣ እንባው የእውነት ነበር። አሜን ባዩስ ማን ሆነና? ፔዳሏን አንዴ ረግጦ ማየት ለፊዚክስ መምህር ይከብዳል?

የመጀመሪያውን ኩርባ አንዴም ሳትንገዳገድ ዞረችው፤ ተጨበጨበልኝ። ሁለተኛው ላይ ፍሬን ስረግጥ፣ ዘይቱ ውስጥ የቀረው አየር ተጨምቆ እግሬ ወለሉ ላይ አረፈ። ካልጠገቡ አይዘሉ ይባላል… ኮሮላዬ ግን ነዳጅ እንኳ ሳትጠግብ ቦዩን ዘልላ ሜዳው ዳር ለበዓሉ የተተከለው የመዘምራን ድንኳን ውስጥ ገባች። የአሥር ዓመት ስብከት ከወንበራቸው ያላነቃነቃቸው ሽማግሌዎች ባንድ ጊዜ ተነሡ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ድንኳኑ በላዬ ስለወረደ ፊቴን ያየው አልነበረም፤ ስወጣ ተማሪዎቼ በጫማዬ ለዩኝ።

ሰውየው ምን አለኝ? "መምህር፣ አሜንዎ ደካማ ነበር።" … አልዋሸም።

ከዚያ ወዲህ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈሪ ሆኛለሁ። መናኸሪያ አጠገብ ሳልፍ ወደ ተበላ የሚሳፈረውን አያለሁ፤ ልጅ ያዘለች አለች፣ ዶሮ ያንጠለጠለ አለ። እኔን ድንኳን ያዘኝ። እነሱን ቁልቁለቱ ላይ ምን ይይዛቸዋል? የእርስዎ አማች መቼም እንደዚያኛው አይደለም። "አየሩን አስወጣህ ወይ?" ብለው ቢጠይቁት… ግን አማች እንዴት ይጠየቃል? ነውር ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ እርስዎ ግን ብረቱ ምንም ይሁን ምን፣ የያዙትን አክብረው ይያዙ።

በሉ ልሂድ፣ ክፍል አለኝ። እግዚአብሔር ትዳራቸውን ይባርክ፤ ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥ። ቅዳሜ ያቺን ሚኒባስ ራሱ እየነዳ፣ ብሩክታይትንና እርስዎን ጋቢና አስቀምጦ፣ ያንን ቁልቁለት ለመውረድ ያብቃው።