ክዳኑ የቀረ ቅርጫት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ቅጠሉን የሚያደንቅ ሥሩን ያጠጣ» ማለት ይወድ ነበር። ይኸው የበሩን አበባ ሳጠጣ እሱን አስባለሁ። አንተም ወንድሜ መኪናዋን እንዴት አድርገህ አጠብካት? ፊት ታሳያለች እኮ። ሹፌር እንዳንተ ነው።

የትናንቱ በዓል፣ ተመስገን ነው፣ አማረ። ለነባሩ ሕዝብ ቅርስ ቀን ተቆርጦለት ክልሉ በሙሉ ሥራ ዘግቶ ሲያከብር፣ ማን ያስብ ነበር? አለቃህ ናቸው ያስወሰኑት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከስብሰባ ስብሰባ። ንግግራቸውን እዚሁ በር ላይ ሆኜ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። «የእናቶቻችን ቋንቋ» ሲሉ እንባ ተናነቃቸው። ወደ ቋንቋው የተረጎመላቸው ግን ሌላ ሰው ነው... ምን ይደረግ፣ የተማረ ሰው ሁሉን ከየት ያስታውሰው?

መድረኩ ላይ መስታወት ውስጥ ያለውን ቅርጫት አየኸው? «ሠሪው ያልታወቀ» የሚል ተለጥፎበታል አሉ፤ እኔ እንኳ ንባብ ላይ ደካማ ነኝ። ክዳን የለውም። ታዲያ አይቻቸው የማላውቅ አንዲት እናት ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሩቅ በእግራቸው መጡ። ሳይጠሯቸው አቤት ያሉ፣ የዋህ። «ልጄ ለቢሮ ብሎ ሲወስደው ክዳኑን ረስቶት ነው» አሉኝ። ልጃቸው ማን ይሆን? አልጠየቅሁም፤ ምን አገባኝ። አገጫቸው ግን የማውቀው አገጭ መሰለኝ...

የጥሪ ካርድ የላቸውም። ያለ ካርድ ማንም እንዳይገባ ተብያለሁ፤ ማን እንዳዘዘኝ ታውቃለህ። አንተ የመኪናውን በር ስትከፍት እማማ ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አለቃህም አዩ... ከዚያ ጥቁር መነፅራቸውን አድርገው ገቡ። ቀኑ ደመና ነበር እንዴ? ቢሆንስ፤ ፀሐይ አይታመንም፣ ጠንቃቃ ሰው ዓይኑን ይጠብቃል።

ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ክዳኑን ታቅፈው ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አዳራሹ ሲያጨበጭብ አብረው አጨበጨቡ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእሳቸው ደማቁን አወጣ።

ክዳኑ ጥበቃ ቤቴ ተቀምጧል፣ ስትሄድ ለአለቃህ አድርስልኝ። ምርቃታቸውንም አብረህ፤ ደግ ቃል ከኔ ዘንድ ቢቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። እማማ ሲሰናበቱኝ እንዲህ ነው ያሉት፦

«ለልጄ እግዜር ዕድሜ ይስጠው፤ የወለዳቸውም፣ እሱ ዛሬ እኔን እንዳከበረኝ፣ እንዲሁ ያክብሩት።»