ጉልበት ላይ የተቀባው ክኒን

አመሻሹ ላይ የሕንፃው ደረጃ በምትጠልቀው ፀሐይ ብርሃን ማር የፈሰሰበት ይመስል ነበር። አያት የቫዝሊን ቆርቆሯቸውን በሻርፓቸው ሸሽገው ሲወጡ፣ ከላይ ፎቅ ከምትኖረው ወጣት ፋርማሲስት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ዝላይ ስለምትወድ ፌንጣ ለሚሏት የልጅ ልጃቸው የታዘዘውን ክኒን የሰጠቻቸው እሷ ነበረች።

"እንደምን አመሹ እማማ? የፌንጣ ጉልበት ተሻለው?"

"ምን ይሻለዋል ልጄ! ያው እንዳበጠ ነው። መዝለል ቀርቶ መነሣትም አቅቷታል። መድኃኒትሽ ከውሃ በምን ይለያል?"

ወጣቷ የአያትን ጣቶች አየች። ነጭ ዱቄት ተጣብቆባቸዋል።

"እማማ፣ ክኒኑን ምን አደረጉት?"

"ፈጭቼ በቫዝሊን እቀባታለሁ። የታመመው ጉልበቷ ነው፤ ሆዷ ምን በደለ? ደግሞስ የተዋጠ ክኒን ጉልበቷን በምን ያውቀዋል? አድራሻ ተጽፎለታል?"

ፋርማሲስቷ ሳቀች፤ ግን አላፌዘችም። ደረጃው ላይ አስቀምጣቸው አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አያውቀውም። በደም ተሳፍሮ የሁሉንም ደጅ ያንኳኳል። ሰውነታችን ሴል ከሚባሉ ኢምንት ቤቶች የተሠራ ነው። ያበጠው ቦታ ያሉት ሴሎች 'ድረሱልን!' የሚል መልእክተኛ ንጥረ ነገር ያመርታሉ። መልእክተኛው የደም ሥሩን ያሰፋል፤ ቦታው ይሞቃል፣ ያብጣል። ነርቩንም ያስቆጣዋል፤ ያኔ አንሶላ ሲነካት እንኳ ትጮኻለች።"

"እውነትሽን ነው፤ ትጮኻለች" አሉ አያት ድምፃቸው ሰልሎ።

"መልእክተኛውን የሚሠራ ኢንዛይም የሚባል ሠራተኛ አለ። መድኃኒቱ እጁን ይይዘዋል። መልእክተኛው ካልተሠራ ነርቩን ማን ይቆሰቁሰዋል? በቫዝሊን የለወሱት ክኒን ግን ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ዘንድ አይደርስም።"

"ሕመም እኮ ዘበኛ ነው ልጄ! ዘበኛውን አፉን ብትይዢው ሌባው ዘው አይልም?"

"ሌባ ሲመጣ ቢጮህ ደግ ነበር። የፌንጣ ዘበኛ ግን ሌባም ሳይኖር ይጮኻል፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያዋን ስለሚያጠቃ፣ ቤቱን የሚያፈርሰው ራሱ ጠባቂው ነው። ሕመሙን ፈርታ ጉልበቷን እንዳጠፈች ከቆየች መገጣጠሚያው ሊደርቅ ይችላል እማማ።"

ሊደርቅ! የአያት ልብ ከደረጃው ተንከባለለ።

"ሆዷስ?"

"ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ያው መልእክተኛ ጨጓራንም ይጠብቃል፤ ሲቀንስ ጨጓራ ሊቆስል ይችላል። ስለዚህ ክኒኑ ከምግብ በኋላ፣ ሐኪሙ ባዘዙት ልክ ብቻ ነው። ሆዷን ካመማት ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።"

የዚያን ምሽት ፌንጣ ራቷን በልታ ክኒኗን ዋጠች። አያት ወንበራቸው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ጉልበቷ ትንሽ ከተማ ሆኖ ታያቸው። መልእክተኞቹ ጩኸታቸውን ትተው እያዛጉ ወደየቤታቸው ይገባሉ፤ በየመስኮቱ መብራት ይጠፋል፤ ከተማው ቀስ ብሎ ይተኛል።

እብጠቱ በአንድ ጀንበር አልጎደለም። ቢሆንም ሕመሙ ሲለዝብ ልጅቱ እንቅልፍ አገኘች፤ እንቅልፍ ስታገኝ ሐኪሙ ያዘዙትን እግር የመዘርጋት ልምምድ ሳታለቅስ ሠራች፤ ውላ አድራም ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። አያትም ጎረቤት ባገኙ ቁጥር "መድኃኒትን እንደ ታዘዘው እንጂ እንደ ገመትነው አንውሰድ፤ ያልገባንንም እንጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም" ማለት ልማዳቸው ሆነ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ማር በሚመስለው ደረጃ የጫማ ኮቴ ተሰማ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ! ፌንጣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ትወርዳለች።

"ቀስ በይ አንቺ ልጅ! ትወድቂያለሽ!" ብለው ጮኹ አያት፤ ከዚያም እንዲህ ያለ ስጋት ስለ ሰጣቸው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ።