ልጄን ወደቡ ላይ ያሳረፍኳት ቀን

ልጄ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወረታ ከተማን በሚያህል መርከብ ውስጥ የእንግዶች አልጋ ታነጥፋለች። በቀደም ደውላ፣ «አባዬ፣ ነገ ወደብ ላይ አንድ ቀን እረፍት አለኝ፤ ለእርስዎ ጫማ ስፈልግ እውላለሁ» አትለኝም!

«ጫማ ብትልኪ ለበሬው ነው የማደርግለት! ይልቅ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄደን እንደምንውለው ዘና ብለሽ ዋዪ። ዓሣሽን ብይ፣ እግርሽን ንከሪ፣ ተኚ» ብዬ ቀኗን አቀድኩላት።

«ብቻዬን?» አለች።

«እኔም እመጣለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ እግሬን ከሩዝ ማሳዬ ውሃ ነክሬ ተቀመጥኩ። እሷም ባሕሩ ዳር እግሯን ነከረች። ማዕበሉ በስልኩ ሽው ሲል ወሬዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ስነቃ እግሬን ከውሃው ባወጣ፣ ላሜ ሮጣ መጥታ ትልሰው ጀመር። እናንተ ሳቁ! ላም የባሕር ጨው ያልነካውን እግር ትልሳለች?