ሁለት ክፍል ያለው ሳጥን

ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚሄደው መኪና ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ለእረፍት የመጣ ጎልማሳ ያወሩ ነበር።

«አዲስ አበባ ምንድን ነው ሥራህ?»

«ምርምር ቤት አይጥ እቀልባለሁ፣ አባቴ።»

«እኛ ጎተራችንን የምንጠብቀው ከአይጥ ነው፤ እናንተ ትቀልባላችሁ?»

«መድኃኒት ይሞከርባቸዋል። አንዱ የሚያነቃ ነው፤ ሌላው ሕመም የሚያደነዝዝ። በትንሹ ለየብቻ ሲሰጣቸው ምንም አይሉም። ሲቀላቀል ግን ሌላ ነው።»

«ምን ይሆናሉ?»

«ሳጥናቸው ሁለት ክፍል አለው። ቅልቅሉን የወሰዱት በአንደኛው ከሆነ፣ በሩ ሲከፈት ወደዚያው ይሮጣሉ።»

«መድኃኒቱ እዚያ ስላለ?»

«የለም እኮ፤ ክፍሉ ባዶ ነው። አንድ ቀን አሳዘኑኝና እናቴ የላከችልኝን የገብስ ቆሎ ተደብቄ በተንኩላቸው።»

«የዚህን አገር ገብስ?»

«የዚህን አገር ገብስ። ረግጠውት አለፉ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔም ልጅ ሰቆጣ ከተማ ጫት እየቃመ፣ በላዩ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ይውጥበት ነበር። ፀበል ወስጄው ሁለት ወር ተጠመቀ። መብላት ጀመረ፣ መሳቅ ጀመረ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን የት ነው ያለው?»

«ሥራው እንዳይቀርበት ብዬ ትናንት ወደ ከተማ መለስኩት።»

«የት አሳረፉት?»

«እዚያው፣ ድሮ የሚቅምበት ክፍል። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

መኪናው መውረጃዬ ላይ ደርሶ ቆመ፤ እኔ ግን አልተነሳሁም።