ኖር፣ በጀልባ ላይ

የታክሲ ባልደረባዬ የጋሽ ወርቁ ልጅ፣ ኦክላንድ አጠገብ ከባሕር ሥር የሰመጠ የጥንት መርከብ ከሚቆፍሩት ተማሪዎች አንዷ ናት። አንድ ቅዳሜ እኔንና አባቷን በትንሽ ጀልባ ቁፋሮውን ልታሳየን ወሰደችን። "እስካሁን ያገኘነው ስብርባሪ ብቻ ነው። ዛሬ ፕሮፌሰሬ አንድ ሙሉ ሳህን ታወጣለች። ፕሊስ፣ ሙቭ እንዳታደርጉ" አለችን። ሁለታችንም ዋና ስለማንችል ማስጠንቀቂያው አላስፈለገንም፤ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠን ትንፋሻችንን ዋጥን። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። የፕሮፌሰሯ የአየር አረፋ ጠፍቶ ቆየ። ልጅቷ ውሃው ላይ አፍጥጣ ከንፈሯን ነከሰች።

በመጨረሻ አንድ ሳህን የያዙ ሁለት እጆች ብቅ አሉ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ፕሮፌሰሯ የመጥለቂያ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ራሳቸው ሙሉ ሽበት ነው። የወሎ ልጆች ነንና ሁለታችንም "ኖር" ብለን ከመቀመጫችን ተነሣን። ጀልባዋ ተንጋደደች፤ ሳህኑ ከልጅቷ እጅ አምልጦ ሰጠመ።

"ለምን ተነሡ?" ብለው ፕሮፌሰሯ ልጅቷን በእንግሊዝኛ ጠየቋት።

"ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው፣ እንዲህ ነው ያደግነው በያቸው" አሏት ጋሽ ወርቁ።

"ሂ ሴዝ ሶሪ" አለች ልጅቷ።

ሳህኑስ የለመደው ቦታ ገብቷል፤ እኔን ያሳዘነኝ ትርጉሙ ነው።